የጤና ዲበ ውሂብ ማዛመድ

የጤና ዲበ ውሂብ ማዛመድ ማለት፣ ልዩ ልዩ የሕክምና መዛግብት አንዱን ነገር በየራሳቸው ስያሜና ሥርዓት ሲጽፉት፣ የአንዱ ዐምድ ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና ኮምፒዩተር ሊያነበው በሚችል ልሳን መደንገግ ነው። ከሴማንቲክ ዌብ ሕግጋት መካከል አርዲኤፍ (RDF) እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በባለቤት፣ በማሰሪያና በተሳቢ ከፍሎ ይጽፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀው ስኮስም (SKOS) ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ፍጹም አንድ፣ ተቀራራቢ፣ ሰፊ፣ ጠባብ ወይም ተዛማጅ መሆናቸውን የሚለዩ አምስት ማሰሪያዎች አሉት።

በኢትዮጵያ ሥራውን ረቂቅ የሚያደርገው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በደጎሎ ወይም በመካነ ሰላም ያለ ጤና ጣቢያ የጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሎ የሚልከው ወርኃዊ ሪፖርት፣ በአገሪቱ የጤና መረጃ ሥርዓት ልማድ፣ ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 20 ያለውን ይይዛል፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 እስከ 30 ቀን 2017 መሆኑ ነው። ችኩል አዛማጅ ከኦክቶበር ጋር «ፍጹም አንድ» ብሎ ያልፈዋል፤ ኦክቶበር ግን 31 ቀን ስላለው፣ በዚያች በመጨረሻዪቱ ዕለት የተወለደ ሕፃን በአንዱ መዝገብ በኦክቶበር፣ በሌላው በኅዳር ይቆጠራል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት እንደሚያውቁት፣ ዘመነ ሉቃስ በጳጉሜን 6 ተፈጽሞ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ፣ እንደ 2012 ዓ.ም. ሁሉ፣ መስከረም 21 ወደ ኦክቶበር 2 ይገፋል።

ስለዚህ የሚገባው ማሰሪያ «ተቀራራቢ» የተባለው ነው፤ ፍጹም አንድነት በስኮስ ሕግ ከመዝገብ ወደ መዝገብ ስለሚወራረስ አንዲት ስሕተት ሩቅ ትሄዳለች፣ ተቀራራቢነት ግን አይወራረስም።