የደረስጌ ማርያም ክዳን

በኤውሮፓ «በጋ» የሚባለው የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ወር ነው። በዚያ ወራት ተማሪው ትምህርት ቤቱን፣ ሠራተኛውም ቢሮውን ትቶ በየተራራው መዞር፣ በድንኳን ማደር ልማዱ ነው። በእኛ አገር ግን በዚሁ ወራት ዝናሙ ሌትና ቀን ይወርዳል፤ ይልቁንም በስሜን ደጋ ክረምት ማለት ጭጋግ፣ በረዶና ድጥ ስለ ሆነ፣ ያለ ብርቱ ጉዳይ ከቤት የሚወጣ ሰው የለም። የቀደሙት መንገደኞች ስለ ስሜን ተራራ የተዉልንን ታሪክ ስንመለከት ይህን ልዩነት ማሰብ ይገባናል።

ከነዚህ መንገደኞች አንዱ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ተወላጅ ነው። ይህ ሰው በ1824 ዓ.ም. ክረምቱን በስሜን አሳልፎ፣ ዝናሙ ካባራ በኋላ ወደ ጐንደር ወረደ። ዋልያንና ጭላዳን ለኤውሮፓ ሊቃውንት ያስታወቀ እሱ ስለ ሆነ፣ በሳይንስ መዝገብ ከሁለቱም ስም አጠገብ የሱ ስም ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን እኛ የምንጠራቸው ስሞች በላቲኑ መጠሪያ ውስጥ መግባታቸው፣ አራዊቱን ለእንግዳው ያሳዩትና ስማቸውን የነገሩት የአገሩ ሰዎች መሆናቸውን ይመሰክራል። የነዚያ ሰዎች ስም ግን በመዝገቡ የለም።

ሁለተኛው መንገደኛ ዊልሄልም ሺምፐር መጥቶ የሚመለስ እንግዳ አልነበረም። ይህ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ በ1829 ዓ.ም. ዐድዋ ገብቶ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ኖረ፤ ያገር ልጅ አገባ፤ የሞተውም በዚያው በዐድዋ ነው። የስሜንን ገደል እየወጣና እየወረደ የለቀመው ቅጠልና አበባ ዛሬም በኤውሮፓ ቤተ መዘክሮች ተቀምጧል። እኛ መረንዝ የምንለው ዛፍ እንኳ በሳይንስ ስሙ «ሺምፐሪ» እየተባለ ይጠራል። በዚያን ጊዜ ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይህን ሰው ከመውደዳቸው የተነሣ እንጢጮን እንዲገዛ ሾሙት።

የተራራው ጉዞና የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ የተገናኙትም በውቤ ዘመን ነው። ደጃዝማች ውቤ በጃን አሞራ፣ በደረስጌ፣ በእመቤታችን ስም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ባሠሩ ጊዜ፣ ዕፅ ሊለቅም የመጣው ሺምፐር በሕንፃው ሥራ ረዳቸው። ውቤ ያሠሩት ለነፍሳቸው ብቻ አልነበረም፤ የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ በዚያ ሊደፉ አስበው ነበር ይባላል። ጳጳሱን አቡነ ሰላማንም ከግብፅ ያስመጡት እሳቸው ነበሩ። ዳሩ ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ በደረስጌ ጦርነት ውቤን ድል አድርገው ማረኩ፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ጳጳስ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ለአንዱ የተሰናዳው ድግስ ለሌላው ሆነ።

የደረስጌ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። እኛ ግን ድንጋዩን ማን ተሸከመው ብለን እንጠይቃለን። በዚያ ዘመን የተሸከመው ሁሉ በፈቃዱ ተሸከመ ለማለት አንደፍርም፤ ጌታው ሲያዘው ጥዱን ጐትቶ፣ ድንጋዩን ፈልጦ ማምጣት የገባሩ ግዴታ ነበርና። በሌላ በኩል ደግሞ ለማርያም ቤት ድንጋይ መሸከም በደጋው ሰው ዘንድ እንደ ስለት የሚቆጠር ስለ ሆነ፣ ማንም ያላዘዛት ባልቴት አንዲት ድንጋይ አዝላ መምጣቷ የተለመደ ነው። በግድ የመጣውና በፈቃድ የመጣው ድንጋይ በአንድ ግድግዳ ተደባልቆ ይኖራል፤ ማንም አይለየውም። የሚለየው ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን ነው። ውቤ በእስር ሳሉ ሞቱ፤ ሺምፐር ወደ ዕፀዋቱ ተመለሰ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ዘውዳቸውን ደፍተው ወደ ወሎ ዘመቱ። የሚያዘው ጌታ ሲርቅ የደረስጌን ክዳን ማን ጠበቀው?

በዚያ ዘመን የደጋው አብያተ ክርስቲያናት ክዳን በብዛት ሣር ነበር። የሣር ክዳን ዓመት በዓመት ካልታየና ካልታደሰ ይበሰብሳል፤ የስሜን ዝናም ደግሞ አይታገሥም። ስለዚህ ሥራው በበጋ ይጀመራል። ወንዱ ሣሩን አጭዶ፣ ነዶውን ገሚሱን በአህያ ገሚሱን በጫንቃው ያመጣል፤ ልጥ የሚልጠው ይልጣል፤ ከዳኙ ጣራ ላይ ወጥቶ ከታች ወደ ላይ እየደራረበ ያለብሳል። ሴቶቹ ጠላውንና ዳቦውን ተሸክመው ይደርሳሉ። የቆሎ ተማሪው እንኳ ደበሎውን አውልቆ ነዶ ያቀብላል። በግል ቤት ደቦ ቢሆን ባለቤቱ ቀኑን በቀን ይመልሳል፤ የቤተ ክርስቲያን ደቦ ግን ብድር የለውም፤ ደመወዝማ ማን አንሥቶት!

ይህ ሁሉ የሚፈተነው በነሐሴ ነው። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ቀን፣ ክረምቱ በበረታበት ጊዜ ይገባል፤ በማርያም ቤት ሕዝቡ ሕፃናቱን ይዞ በብዛት የሚሰበሰበውም ያን ጊዜ ነው። የደረስጌ ማርያም የውስጥ ግድግዳ በሥዕል ያጌጠ ነው። አንዲት ፍሳሽ መንገድ ካገኘች የመልአኩን ክንፍና የቅዱሱን ፊት አጥባ ትወርዳለች፤ በሚቀጥለው ክረምት መንገዷን አስፍታ ትመለሳለች። ስለዚህ ሥዕሉ ለዘመናችን መድረሱ፣ ስማቸው በአንድም መጽሐፍ ያልተጻፈ ሰዎች 170 ዓመት ለሚያህል ጊዜ ክዳኑን ችላ እንዳላሉት ያስረዳናል። ዛሬ በብዙ ስፍራ ቆርቆሮ ሣሩን ተክቶታል፤ ቆርቆሮውም ቢሆን ዝገቱን የሚያይ፣ ምስማሩን የሚመታ ሰው ይፈልጋል።

በጐንደር ከተማም የሆነው ከዚህ አይርቅም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዪቱን ባቃጠሉ ጊዜ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አብዛኞቹ ነደዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ያዳናትም የንብ መንጋ ነው እየተባለ ይተረካል። የነገሥታቱ መቀመጫ ከጐንደር ከተነሣ ቈይቶ ስለ ነበረ፣ የነደደውን መልሶ የማቆሙ ሸክም በብዛት የወደቀው በካህናቱና በምእመናኑ ላይ ነው።

የስሜን ተራራ በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድ ጉባኤ በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በ1989 ዓ.ም. ለአደጋ ከተጋለጡት ቅርሶች ተራ ተጽፎ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ከዚያ ተሰረዘ። ጐብኚው ከጐንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርስና፣ ጅብራውን፣ ጭላዳውንና ዕድል ከቀናው ዋልያውን አይቶ ይመለሳል። ደረስጌ ከተለመደው መንገድ ወጣ ያለች ስለ ሆነች የሚደርስባት ጥቂት ነው። የዕረፍት ጊዜውን በተራራ ለማሳለፍ የሚሻ ወጣት ወደዚያ ቢያቀና እንወዳለን፤ በክረምት ሳይሆን ከጥቅምት በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅ ይነሣ። ከደብሩ እንደ ደረሰ አለቃውን እጅ ነሥቶ የሚሸከመው ነገር እንዳለ ይጠይቅ። እንግዳ ነህና ተወው ቢሉት እንኳ አንዲት ድንጋይ አንሥቶ እስከ ቅጽሩ ያድርስ።