ጥርስ ከተነቀለ በኋላ መንጋጋን መልሶ የሚገነባው የአጥንት ንቅለ ተከላ

ጥርስ ሲነቀል ጉዳቱ በጥርሱ ብቻ አያበቃም። የመንጋጋ አጥንት ጥንካሬውን የሚጠብቀው በማኘክ ጊዜ በጥርስ ሥር በኩል በሚደርሰው ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቋረጥ አጥንቱ እየሳሳ ይሄዳል። ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲኾን፣ በ1 ዓመት ውስጥ የአጥንቱ ስፋት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ዘግይቶ ጥርስ ማስተከል የሚፈልግ ሰው የቲታኒየሙን ብሎን የሚሸከም በቂ አጥንት ላይኖረው ይችላል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ሐኪሙ በማደንዘዣ ድዱን ከፍቶ የአጥንት ቅንጣቶችን ይጨምራል፤ በስስ ሽፋን ሸፍኖም ድዱን ይሰፋል። ቅንጣቶቹ ከታካሚው ከራሱ መንጋጋ፣ ከሌላ ሰው ልገሳ፣ ከከብት አጥንት ወይም ከሰው ሠራሽ ማዕድን ሊገኙ ይችላሉ። የከብቱ አጥንት ጥቅም ላይ የሚውለው ሌላው ይዘቱ ተወግዶ ማዕድኑ ብቻ ሲቀር ነው። የደም ሥሮችና ሕዋሳት በቅንጣቶቹ መካከል ገብተው አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ይህም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 9 ወራት ይወስዳል።

ሲጋራ ማጨስና ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር ሕመም የቁስሉን መዳን ያዘገያሉ። ተንቀሳቃሽ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለመረጠ ሰው ሕክምናው ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ይሁንና ተንቀሳቃሹ ጥርስ የአጥንቱን መሳሳት አያስቆምም።

ጥርሱ በተነቀለበት ዕለት ጉድጓዱን በቅንጣቶቹ መሙላት የሚጠፋውን አጥንት ይቀንሳል። ስለዚህ ታካሚው ሐኪሙን ስለ አጥንቱ መጠየቅ ያለበት ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ነው።