ያለ አለቃ የሚጓዝ መንጋ፤ የአንድ ሐሳብ አጭር ታሪክ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን የኅብረትን ኀይል ይነግረናል እንጂ ድሩ እንዴት እንደሚያብር አይነግረንም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው፤ የሚንቀሳቀሱ ብዙ አካላት፣ አንድ አዛዥ ሳይኖራቸው፣ እንዴት በአንድነት ሊጓዙ ይችላሉ? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤድመንድ ሴሉስ የተባለው እንግሊዛዊ የአዕዋፍ ተመራማሪ የወፍ መንጋ በቅጽበት አብሮ ሲታጠፍ ተመልክቶ፣ ወፎች ሐሳብን በቀጥታ ይተላለፉ ይሆናል የሚል ግምት በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ አቀረበ። ግምቱ ዛሬ ተቀባይነት የለውም፤ ነገር ግን ጥያቄው ከባድ መሆኑን ያሳያል።

በ1948 እና በ1949 ግሬይ ዋልተር በብሪስቶል «ኤልመር» እና «ኤልሲ» የተባሉ ሁለት የኤሌክትሪክ ኤሊዎችን ሠራ። እያንዳንዱ ኤሊ ብርሃንን የሚከተልና በላዩ መብራት ያለው በመሆኑ፣ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ለሌላው እንቅስቃሴ መልስ ይሰጥ ነበር፤ የሚያዛቸው ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በ1987 አሜሪካዊው ክሬግ ሬይኖልድስ በኮምፒዩተር የወፍ መንጋን ምስል አንቀሳቀሰ። ለእያንዳንዱ ወፍ የሰጠው ሦስት ሕግ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከጎረቤትህ ጋር አትጋጭ፣ አቅጣጫህንና ፍጥነትህን ከእርሱ ጋር አስተካክል፣ ከመካከላቸውም አትራቅ የሚል ነው። በ1995 ደግሞ ሃንጋሪያዊው ታማሽ ቪቼክና ባልደረቦቹ አቅጣጫን ከጎረቤት ጋር ማስተካከል ብቻውን፣ ስሕተቱ ጥቂት አካላቱም ብዙ ሲሆኑ፣ ሥርዐት እንደሚያስገኝ አሳዩ።

የሒሳቡ ማስረጃ በ2003 ከጃድባባይ፣ ከሊንና ከሞርስ መጣ። ጎረቤቶች ቢለዋወጡም፣ ግንኙነቶቻቸው በየተወሰነ ጊዜ ተደምረው ቡድኑን በሙሉ እስካያያዙ ድረስ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይደርሳሉ። እንግዲህ ድሩ የሚያብረው በአለቃ ሳይሆን በግንኙነት ነው። በ2008 በሮማ ሰማይ የተጠኑት ስታርሊንግ የተባሉ ወፎችም፣ ርቀቱ ምንም ቢሆን፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ወይም ሰባት የቅርብ ጎረቤቶችን ብቻ እንደሚከተሉ ታወቀ።

በ2014 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 1024 ትናንሽ ሮቦቶች እርስ በርሳቸው ብቻ እየተነጋገሩ የኮከብ ቅርጽ እንዲሠሩ አደረጉ።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን መዘንጋት አይገባም። አንደኛ፣ የኮከቡን ቅርጽ ለሮቦቶቹ አስቀድሞ የሰጣቸው ሰው ነው፤ ስለዚህ አለቃው ጨርሶ አልጠፋም፣ ትእዛዙ በእያንዳንዱ አባል ውስጥ ሕግ ሆኖ ገባ እንጂ። ሁለተኛ፣ የ2003ቱ ማስረጃ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ እንደሚስማሙ ያረጋግጣል እንጂ አቅጣጫው ትክክለኛ መሆኑን አያረጋግጥም። መስማማትና ማወቅ የተለያዩ ናቸው። እንዲህ ያለ ቡድን የሚሠራ ሰው፣ መንጋው አብሮ መጓዙን ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደሚጓዝ የመጠየቅ ኀላፊነት አለበት።