የኮሎምበሷ አሚና ሮቢንሰንና የእናቴ ሰፌድ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንሰባሰብ ስለ ጥቁር ሴቶች ችግር ከተነሳ፣ ብዙዎቻችን «ይህ የአሜሪካኖቹ ጉዳይ ነው» ብለን ወደ አገር ቤት ፖለቲካ እንመለሳለን። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ የዚሁ ከተማ ተወላጅ የሆነች አንዲት ሠዓሊ ታሪክ ነው።

አሚና ብሬንዳ ሊን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1940 ተወለደች። ያደገችው ፖይንዴክስተር ቪሌጅ በተባለው የመንግሥት መኖሪያ መንደር ነው። መንደሩን በዚያው ዓመት የመረቁት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሲሆኑ፣ የተሠራው ብላክቤሪ ፓች የሚባለውን የጥቁሮች ሠፈር በማፍረስ ነበር። (ዛሬ ደግሞ መንደሩ ራሱ ከጥቂት ሕንፃዎች በቀር ፈርሷል።) አሚና የፈረሰውን ሠፈር ከሽማግሌዎች አፍ እየሰማች በሥዕልና በጨርቅ መልሳ ሠራችው። ሰነድ ያላስቀረውን ታሪክ በመርፌ ጻፈች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እናቷ መስፋትና መሸመን፣ አባቷ ጭቃን ከአሳማ ሞራና ከሙጫ ጋር ለውሶ ቅርጽ ማውጣት አስተማሯት። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ገብታለች። ከፍቺ በኋላ ግን ልጇን ብቻዋን ስታሳድግ በመንግሥት ድጎማ የኖረችበት ጊዜ ነበር፤ ለዓመታትም በከተማው የመዝናኛና ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሥዕል እያስተማረች ኖራለች። «አሚና» የሚለውን ስም ያገኘችው በ1979 ግብፅን ስትጎበኝ ነው። በወቅቱ አምስት መቶ ሺሕ ዶላር ያስገኝ የነበረው የማክአርተር ሽልማት የተሰጣት በ2004፣ በ64 ዓመቷ ነበር።

ለመሆኑ ለምን ይህን ያህል ዘገየ? በእኔ እምነት ድህነትና ዘር ብቻ አይደሉም ያዘገዩት። ጥቁር ሴት በአዝራርና በቁራጭ ጨርቅ ስትሠራ ሥራው «የቤት ሙያ» ይባላል፤ ሥነ ጥበብ የሚለውን ስም ለማግኘት ዕድሜ ይፈጃል። በዚህ እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። እናቴ አንድ መሶብ ለመጨረስ ወራት ይፈጅባት ነበር። እንግዳ ሁሉ እንጀራውን ሲያመሰግን ሰምቻለሁ፤ «መሶቡን ማን ሰፋው?» ያለ ግን ትዝ አይለኝም።

አሚና በ2015 ስታርፍ ሥራዋንና ቤቷን ለኮሎምበስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አወረሰች። ይህን ባነበብኩ ማግስት ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰፌድ አውርጄ አገላበጥኩት። ስም የለውም። ለእናቴ ደውዬ መቼ እንደሰፋችው ጠየቅኋት።

«ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።