ወታደሩና የተከራየው ቤት

ወታደርና ቤት በአንድነት ሲነሡ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቀድሞ የሚታወሰን ወታደር በገበሬ ቤት እየሰፈረ ድርጎ የሚበላበት ያለፈው ዘመን ነው። የአሜሪካም ታሪክ ከዚሁ ስሞታ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ሦስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ በሰላም ጊዜ ወታደር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በማንም ቤት እንዳይሰፍር ከለከለ። ያን ጊዜ ጥያቄው ቤትን ከወታደር መጠበቅ ነበር። እኔ ዛሬ ላነሣ የምወደው፣ ጥያቄው ተገልብጦ የወታደሩን ቤት ወደ መጠበቅ የተሻገረበትን መንገድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ እጅግ ብዙ ወጣቶችን በግዳጅ ምልመላ ከሥራቸው አነሣች። ደመወዙ ቀርቶ በወታደር አበል የተተካበት ሰው፣ ሚስቱና ልጆቹ የተቀመጡበትን ቤት ኪራይ በምን ይክፈል? የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበረው ጆን ሄንሪ ዊግሞር በረቂቁ ዝግጅት ጉልህ ድርሻ የነበረው የ1918ቱ ሕግ ለዚህ መልስ ሰጠ። ኪራዩ በወር ከ50 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ፣ የወታደሩ ቤተሰብ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ከቤቱ አይወጣም፤ ዳኛውም ማስወጣቱን እስከ 3 ወር ሊያዘገይ ይችላል ተባለ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሕጉም አብሮ አለፈ። ሁለተኛው ጦርነት ሲያንዣብብ በ1940 እንደገና ተነሣ፤ ጣሪያውም 80 ዶላር ሆነ። በ1942 ደግሞ ከመዝመቱ በፊት የኪራይ ውል የፈረመ ሰው ውሉን የማቋረጥ መብት አገኘ፤ በሩቅ ግንባር ያለ ወታደር ለማይተኛበት ክፍል መክፈሉ ፍትሕ አልነበረምና።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን የመርሳት ታሪክ ነው። የኪራይ ጣሪያው በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ በ1966፣ ወደ 150 ዶላር ከፍ ካለ በኋላ ለ25 ዓመታት ንቅንቅ አላለም። ኪራይ በየዓመቱ ሲንር ሕጉ በወረቀት ላይ ቆመ፤ በ150 ዶላር ቤት ማግኘት ለብዙዎች ዘበት ሆነ። ጣሪያው ወደ 1,200 ዶላር ያደገው የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በተካሄደበት በ1991 ነው። እንግዲህ አስተውሉ፦ ሕግ አውጪው ወታደሩን ያስታወሰው ጥይት ሲጮኽ ብቻ ነበር።

ሌላም ክፍተት ነበር። በ1973 የግዳጅ ምልመላ ቀርቶ ሠራዊቱ በፈቃደኞች ሲሞላ፣ ብዙው ወታደር ውሉን የሚፈርመው በአገልግሎት ላይ ሳለ ሆነ። ከአንዱ ጦር ሰፈር ወደ ሌላው ሲዛወር ግን የ1942ቱ መብት አይደርስለትም። ይህን የደፈነው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በታኅሣሥ 2003 የፈረሙት ሕግ ነው። ቋሚ የዝውውር ትእዛዝ ወይም ቢያንስ የ90 ቀን ግዳጅ የደረሰው ወታደር፣ የትእዛዙን ቅጂ አያይዞ በጽሑፍ ካስታወቀ፣ ወርሃዊ ኪራይ የሚከፍል ከሆነ ከማስታወቂያው በኋላ ከሚመጣው የክፍያ ቀን 30 ቀን ቆይቶ ውሉ ያበቃል። የኪራይ ጣሪያውም 2,400 ዶላር ተደርጎ፣ በየዓመቱ በራሱ እንዲስተካከል ተደነገገ። ለእኔ የሕጉ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፤ መብቱ ሌላ ጦርነት እስኪመጣ መጠበቁ ቀረ።

ሕጉ ዕዳ አይሰርዝም፤ ጊዜ ይገዛል እንጂ። አገልግሎቱ የመክፈል አቅሙን የነካበት ወታደር ሲያመለክት ፍርድ ቤቱ ማስወጣቱን ለ90 ቀን ያግዳል፤ የቀረው ኪራይ ግን ይከፈላል። በአንጻሩ እያወቀ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወታደርን የሚያስወጣ አከራይ እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊደርስበት ይችላል። በ2018 ደግሞ በአገልግሎት ላይ ሳለ የሞተ ወታደር የትዳር ጓደኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ውሉን እንዲያቋርጥ ተፈቀደ።

ይህን ለምን በአማርኛ እጽፋለሁ? ልጆቻችን ያንን የደንብ ልብስ ለብሰዋልና፤ ከመካከላችንም ቤት የሚያከራዩ አሉና። አንዱ መብቱን ሳያውቅ ዕቃውን ይጭናል፤ ሌላው ግዴታውን ሳያውቅ ይወነጀላል። መብትን የሚያስተው ፊርማ እንኳ ከውሉ በተለየ ሰነድ ላይ መስፈር እንዳለበት ስንቱ ያውቃል?

ለወታደር ምስጋና ማቅረብ ቀላል ነው፤ ወጪ የለውም። የአንድ መንግሥት ቃል የሚመዘነው ግን ሰልፉ ካለፈ በኋላ፣ የወሩ መጀመሪያ ደርሶ አከራዩ በሩን ሲያንኳኳ ነው።