የተለበደው ደብተር

አጎቴ አሜሪካ ውስጥ ሲያርፍ ከንብረቱ አዲስ አበባ የደረሰን አንድ ሻንጣ ብቻ ነው። ልብሱን ዘመድ ተከፋፈለው፣ ወረቀቱ ለእኔ ቀረ፤ «አንተ ኢንጂነር ነህ፣ ይገባሃል» ተብዬ። ከወረቀቶቹ መሀል የኤሌክትሪክ ትምህርት የተጻፈበት አንድ ደብተር አለ። ቀን የለውም። ግን ልክ እንደኛ አገር ተማሪ ደብተር ተለብዷል፤ የተለበደውም በኮሚክ መጽሔት ሽፋን ነው። አጎቴ ሽፋኑን ለደብተሩ ልክ ለማድረግ የላይኛውን ክፍል ቆርጦ ጥሎታል። ርዕስም፣ ቁጥርም፣ ዋጋም የለም። የቀረው ቀይና ሰማያዊ የለበሰ እግር፣ የግድግዳ ቁራጭ፣ ከታች በግራ በኩል ደግሞ ባርኮድ ያለበት ነጭ ሳጥን ነው።

ፎቶ አንስቼ በርቀት አብሮኝ ለሚሠራ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ላክሁለት። ኮሚክ እንደሚሰበስብ አውቃለሁ። ሻይዬን ሳልጨርስ መለሰልኝ፦ ስፓይደርማን ነው፣ የኦገስት ወር እትም ነው፣ የተሸጠውም በኮሚክ ሱቅ ሳይሆን በጋዜጣ መሸጫ ነው። ዓመቱን ቆይቼ እነግርሃለሁ አለኝ።

እኔ ምስልን ከምስል የሚያመሳስል ሶፍትዌር ስጽፍ የከረምኩ ሰው ነኝ። የኔ ፕሮግራም ሽፋኑ ትንሽ ሲቆረጥበት ግራ ይገባዋል። ሰውዬው ታዲያ ከቁራጭ ይህን ሁሉ እንዴት አወቀ? ታሪኩን ማገላበጥ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከስም እጦት ነው። በአሜሪካ ኮሚኮች ለረጅም ዘመን ብዙ ሠዓሊዎች ስማቸው አይጠቀስም ነበር። ካርል ባርክስ ከ1942 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) ጀምሮ የዶናልድ ዳክን ታሪኮች ሲጽፍና ሲስል ኖረ፤ ያንን ገንዘብ ወዳድ ስክሩጅ ማክዳክን የፈጠረውም እሱ ነው። መጽሔቱ ላይ የሚታተመው ስም ግን የዋልት ዲዝኒ ብቻ ነበር። አንባቢ ልጆች ስሙን ባያውቁም እጁን አወቁት። ከዓይኑ አሳሳል፣ ከአካሉ አቋም፣ ከታሪኩ አካሄድ እየለዩ «ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ» ይሉት ጀመር። ከእነሱ አንዱ ስሙን አጣርቶ በ1960 ደብዳቤ ሲጽፍለት ባርክስ ወደ ስድሳ ዓመቱ ተጠግቶ ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚያደንቀው ሰው መኖሩን እንኳን በወጉ አያውቅም ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ዲትሮይት ውስጥ የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ጄሪ ቤይልስ ይህን የልጆች ዓይን ወደ ሥርዓት ለወጠው። በ1961 «አልተር ኢጎ» የተባለውን የአፍቃሪዎች መጽሔት ጀመረ። ለሠዓሊዎቹና ለጸሐፊዎቹ መጠይቅ በፖስታ እየላከ «ይህን የሠራኸው አንተ ነህ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። በ1970ዎቹም ከሄምስ ዌር ጋር ሆኖ ማን ምን እንደሠራ የሚናገር ባለ አራት ቅጽ ማውጫ አሳተመ። በ1994 ደግሞ ሌሎች አፍቃሪዎች ያለ ክፍያ የሚሠሩበት ግራንድ ኮሚክስ ዳታቤዝ ተመሠረተ። ዛሬ የየሽፋኑ ምስልና የየሠራተኛው ስም እዚያ ይፈለጋል።

ዓይናቸው የሚያርፈው ግን ሥዕሉ ላይ ብቻ አይደለም። ዋጋው ራሱ ሰዓት ነው። በ1938 ሱፐርማን ሲወጣ መጽሔቱ 10 ሳንቲም ነበር፤ በ1961 መጨረሻ 12፣ በ1969 ደግሞ 15 ሆነ። በ1976 ማርቭል ጭማሪውን መጀመሪያ በጥቂት ከተሞች ብቻ ሞከረው። ስለዚህ ሌላው ቦታ 25 ሳንቲም የተባለው ያው እትም በእነዚያ ከተሞች 30 ተብሎ ይገኛል፤ ያቺን 3 ቁጥር ያየ ሰብሳቢ ልቡ ይመታል። ከሽፋኑ ጫፍ ላይ የጥቁርና ነጭ ዳማ ንድፍ ካለ የዲሲ ኩባንያ የ1966 ወይም የ1967 ሥራ ነው። ከ1955 ወዲህ ሽፋን ላይ የምትታተም የፖስታ ቴምብር የምትመስል ማኅተም ነበረች፤ ኢንዱስትሪው ራሱ ያቋቋመው ሳንሱር ያለፈ ለማለት። በ1971 የስፓይደርማን 96ኛ፣ 97ኛና 98ኛ እትሞች ያለዚያች ማኅተም ወጡ። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ስለ አደንዛዥ ዕፅ ጉዳት ጻፉልን ብሎ ስታን ሊን ጠይቆት ነበር፤ ሳንሱሩ ግን ዕፅ የተነሳበትን ታሪክ አላጸደቀም። አዋቂ የሆነ ሰው የሌለውንም ነገር ያነባል።

አሁን ወደ ደብተሩ እንመለስ። ከ1976 ወዲህ ማርቭል ሽፋኑ ላይ ባርኮድ ማተም ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አሃዞች አሳታሚውን ይናገራሉ፣ ተከታዮቹ መጽሔቱን፣ በስተቀኝ ለብቻቸው የቆሙት ሁለት አሃዞች ደግሞ ወሩን። አጎቴ ደብተር ላይ ያሉት 08 ናቸው። ለኮሚክ ሱቆች የሚላከው ቅጂ ቢሆን ኖሮ ባርኮዱ ላይ መስመር ይሰመርበት ወይም በቦታው የስፓይደርማን ጭንቅላት ይሳልበት ነበር። የዚህኛው ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ የጋዜጣ መሸጫ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። ኮሚክ ሱቅ የወሰደውን አይመልስም ነበር፤ ያልተሸጠው ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ይቆይ ነበር። ጋዜጣ መሸጫ ግን ተመላሽ ነበረው። አዲሱ ወር ሲመጣ ነጋዴው ያልተሸጠውን ያነሳ ነበር፤ ለረጅም ዘመን የፊት ሽፋኑን የላይኛውን ክፍል ከነርዕሱ ቀዶ ይልክና ገንዘቡ ይታሰብለት ነበር። ጓደኛዬም ይህን አስቦ «ከላይ የተቆረጠው የፊቱ ብቻ ነው ወይስ የጀርባውም?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለቱም፣ በመቀስ፣ በአንድ መስመር ነው የተቆረጡት። እንግዲያው ተመላሽ አይደለም፤ የቆረጠው አጎቴ ነው።

ቀሪው ቀላል የፍለጋ ሥራ ነው። የኦገስት እትም በዓመት አንድ ነው፤ ሊሆን የሚችለው ዘመን ተደምሮ ደርዘን ያህል ሽፋን ብቻ። ጓደኛዬ ዳታቤዙን ከፍቶ የሁሉንም ታችኛ ክፍል አየና ከሰዓት በኋላ ላከልኝ፦ 1979። ያኔ ሽፋን ላይ የሚጻፈው ወር ከሽያጩ ሦስት ወር ገደማ ይቀድም ነበር። ስለዚህ ይህ መጽሔት ገበያ የወጣው በግንቦት 1971 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ በእኛ።

እዚህ ላይ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። በቤታችን የሚታወቀው ታሪክ ሌላ ነው። አጎቴ በ1970 በሱዳን በኩል ወጣ፤ የመጀመሪያ ደብዳቤው ከአሜሪካ የደረሰን በ1973 ነው። በመሀል ያሉትን ዓመታት በረሃ ሲንከራተት እንዳሳለፋቸው እናቴ ስታምን ኖራለች። ስለቷም፣ ጾሟም ለዚያ ነበር።

መቼም አንድ ሽፋን መቼ እንደተሸጠ ቢናገርም ማን እንደገዛው አይናገርም። አጎቴ መጽሔቱን ከዓመታት በኋላ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አግኝቶት ሊሆን ይችላል። ሰው ሰጥቶትም ሊሆን ይችላል። ግን በጋዜጣ መሸጫ የተሸጠ፣ ለመለበጃ የዋለ ርካሽ ነገር ነው፤ ማንም ዋጋ ሰጥቶ ያስቀመጠው አይመስልም። ለእኔ የሚቀለኝ ግምት አጎቴ በዚያ ክረምት አሜሪካ ነበር የሚለው ነው። ደህና ነበር፣ ይማር ነበር፣ አልጻፈልንም።

ለእናቴ ልንገራት ወይስ ልተወው ብዬ ሳምንት ቆየሁ። በመጨረሻ ደብተሩን ይዤ ሄድኩና ባርኮዱን እያሳየሁ አስረዳኋት። ጥርጣሬዬንም አልደበቅኩም። እጇን ልባዱ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ይቆጣታል ብዬ ነበር የፈራሁት።

«ያኔ ከውጭ ደብዳቤ የመጣለት ቤት ምን ይባል እንደነበር አንተ አታውቅም» አለችኝ። «ለእኛ ብሎ ነው።»

ከዚያ ደብተሩን ገለጥ አድርጋ የወንድሟን እጅ ጽሕፈት አየችና፣ «እንኳን በረሃ አልነበረ» አለች።