ከጨዋታው የወጣ ዛቻ፦ የሳይበር ትንኮሳ ሕግና የኦንላይን ጌም

በተኩስ ጌም «እገድልሃለሁ» መባባል የተለመደ ነው፤ ማንም አይደነግጥበትም። ያንኑ ቃል በቴሌግራም የላከ ሰው ግን ፖሊስ ጣቢያ ሊጠራ ይችላል። የሳይበር ትንኮሳ ሕግ ጌም ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር በዚህ ልዩነት ዙሪያ ይሽከረከራል። በእኔ ግምት ወሳኙ ጥያቄ ቃሉ ማንን ፈልጎ ሄደ የሚለው ነው፦ ተጫዋቹን ወይስ ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ሰው?

ሁለት የአሜሪካ ጉዳዮች ዳርና ዳሩን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በቴክሳስ የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ጭቅጭቅ ወደ ፌስቡክ ተሻግሮ፣ አንድ የ18 ዓመት ወጣት መዋዕለ ሕፃናት ገብቶ እንደሚተኩስ ለቀልድ ጻፈ። ታሰረ፤ ዋስትናው 500,000 ዶላር ሆነ፤ ማንነቱ ያልተገለጸ ሰው እስኪከፍልለት ወራት በእስር ቆየ። በ2017 መጨረሻ ደግሞ ሁለት የኮል ኦፍ ዲዩቲ ተጫዋቾች በ1.50 ዶላር ውርርድ ተጣሉ። አንደኛው፣ ሎስ አንጀለስ ያለ ሌላ ሰው በተቀናቃኙ ላይ ለፖሊስ የሐሰት ጥሪ እንዲያደርግ ጠየቀ። ተቀናቃኙ የሰጠው አድራሻ ግን የቀድሞ ቤቱን ነበር። የካንሳሷ ዊቺታ ፖሊስ ስለ ጠቡ ምንም የማያውቅ የ28 ዓመት አባት በገዛ በራፉ ገደለ። ደዋዩ በ2019 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የቴክሳሱ ወጣት የተከሰሰው በሳይበር ትንኮሳ ሕግ አልነበረም፤ በዊቺታው ደዋይ ላይ ከቀረቡት ክሶች መካከል ግን የሳይበር ክትትል (cyberstalking) ነበረበት። የዊቺታው ጠብ መልኩን የቀየረው ስድቡ ሲበዛ ሳይሆን የቤት አድራሻ ሲገባበት ነው።

የአውስትራሊያ የ2021 የኦንላይን ደኅንነት ሕግ ጌምን በግልጽ ይጠቅሳል፤ ሰዎች እርስ በርስ የሚጫወቱባቸውን አገልግሎቶች በሽፋኑ ሥር አስገብቷል። መስፈርቱ ጠንካራ ነው፦ ይዘቱ አንድን የተለየ ልጅ ለመጉዳት የታለመ፣ የሚያስፈራራ፣ የሚያሸማቅቅ ወይም የሚያዋርድ ቢሆንም ጉዳቱ ከባድ መሆን አለበት። አቤቱታው መጀመሪያ ለኩባንያው ይቀርባል፤ በ48 ሰዓት ካልተነሣ የአገሪቱ የኦንላይን ደኅንነት ኮሚሽነር ይዘቱ እንዲነሣ ሊያዝ ይችላል። ችግሩ፣ በማይክሮፎን የተወረወረ ስድብ ጨዋታው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። ምን ይነሣ? ኤክስቦክስ በ2023 ያስተዋወቀው ዘዴ ተጫዋቹ እስከ 60 ሰከንድ የሚደርስ ድምፅ ቀርጾ እንዲያመለክት ያስችላል። ማስረጃው ግን በኩባንያው እጅ ነው፤ ዳኛው የሚሰማው ኩባንያው ያስቀረለትን ነው።

የእኛው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስለ ጌም አያነሣም። ሆኖም ዛቻንና ስም ማጥፋትን የሚከለክለው አንቀጽ 13 ወንጀሉን የሚያያይዘው ከ«ኮምፒዩተር ሥርዓት» ጋር ስለሆነ፣ የጌም ቻትም ድምፅም ከሽፋኑ አይወጡም። ስለዚህ አዲስ ሕግ መጠየቅ ለእኔ ትርፍ ነው። የሚያሻው አተረጓጎም ነው። አንቀጹ ስለ ተጎጂው ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ በመላክ ወይም ደጋግሞ በማስተላለፍ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና መፍጠርንም ወንጀል ያደርጋል። የማጣሪያው ወንፊት እዚህ ላይ ነው። በጨዋታ መሐል የተወረወረ ስድብ በዚህ ባያልፍ ይሻላል። ተሸናፊውን እስከ ቴሌግራሙ ተከትሎ የእኅቱን ፎቶ የሚልክ ግን ጌሙን ከለላ ሊያደርገው አይገባም።

የስም ማጥፋቱ ንዑስ አንቀጽ ግን ያስቸግራል። «ነብር 77» በሚል ቅጽል የሚጫወት ሰው በዚያ ቅጽል ቢዋረድ የማን ክብር ተነካ? ቅጽሉን ከሰውየው ጋር የሚያያይዙ ወዳጆች ካሉ የሰውየው ነው እላለሁ። ማንም የማያውቀው ከሆነ ግን ክሱ የሚቆምበት መሠረት አይታየኝም።

ከዚህም የሚከብደው የተከሳሾቹ ዕድሜ ነው። ጌም ቤት ተሰልፈው ተራ ከሚጠብቁት ብዙዎቹ በወንጀል ሕጋችን ከ9 እስከ 15 ባለው የወጣት ጥፋተኞች ክልል ውስጥ ናቸው። አንቀጽ 13 ያስቀመጠው ደግሞ በዋናነት እስራት ነው። ለ13 ዓመት ተሳዳቢ የአውስትራሊያው ዓይነት አስተዳደራዊ መንገድ ይቀላል፤ ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ወንጀሉን ለአድራሻ፣ ለቤተሰብና ለተደጋጋሚ ክትትል ቢያስቀር የአዋጁ ቃል አይከለክለውም።